ግንቦት ላይ አዳማ ሰርግ ለምትደግሱ፦ ሙቀቱን ያሰበ ዝርዝር መመሪያ

ታናሽ እህቴን የዳርናት እዚሁ አዳማ፣ ቤታችን ግቢ ውስጥ ነው። ግንቦት ነበር። ድንኳኑ፣ ሙዚቃው፣ መኪናው ሁሉ ታስቦበታል። ሙቀቱን ግን ማንም አላሰበውም፤ አዳማ ሁሌም ይሞቃል፣ የለመድነው ነገር ነው ብለን። ከቀኑ 7 ሰዓት አካባቢ አክስቴ ወደቀች። የወደቀችው ድንኳኑ ውስጥ አይደለም። ማጀት ውስጥ ነው፣ በሁለት ትልልቅ ድስቶች መሃል፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምራ እሳት ፊት ቆማ። ደግነቱ ጎረቤታችን ነርስ ነበረች፣ ደርሳ አተረፈችልን። ከዚያ ወዲህ ዘመድ ወይ ጓደኛ ሰርግ ሲኖረው ስለ ሙቀቱ እኔን ነው የሚጠይቁኝ፣ እኔም የማውቀውን ሁሉ እዚህ ላይ ልጻፈው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ቁረጡ፣ ከዚያ አዳራሹን

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ አዳራሽ ይይዛል፣ ሰዓቱን ደግሞ እንደ ልማዱ ያደርገዋል። በሙቀት ወቅት ይህን ገልብጡት። አዳማ ላይ ፀሐዩ የሚከፋው ከቀኑ 6 እስከ 10 ሰዓት ነው። በእነዚህ 4 ሰዓታት ውስጥ ሰው ቁጭ ብሎ ከመብላት ያለፈ ነገር ባይሠራ ይመረጣል። ጭፈራ፣ ፎቶ፣ አጀብ፣ የመኪና ሰልፍ፣ ሁሉም ከዚህ ውጭ ይሁን።

ችግሩ ወቅቱን መምረጥ ያን ያህል በእጃችን አለመሆኑ ነው። በዓቢይ ጾም ሰርግ የለም፣ ስለዚህ ጥር ያመለጠው ሰው ሁሉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ይሰለፋል። ይህ ማለት ሚያዝያና ግንቦት ነው፣ ማለትም አዳማ 30 ዲግሪን በቀላሉ የምታልፍበት ጊዜ። ጥር ላይ ማድረግ የምትችሉ ከሆነ ጥር ይሻላል፤ ቀኑ ይሞቃል፣ ማታው ግን ደስ ይላል። ካልሆነ ግንቦትንም በሰዓት ማሸነፍ ይቻላል።

እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥነ ሥርዓት ካለ እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ይለቅ። ሙሽሮቹ ከዚያ ወደ ቤት ገብተው ይረፉ፣ በእውነት ይተኙ። ግብዣው ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይሁንና ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይለቅ። ምሳ ካላበላን ሰርግ አይባልም የሚሉ ሽማግሌዎች ካሉ ደግሞ (ይኖራሉ፣ በአክብሮት ስሟቸው) ምሳውን ከ5 ሰዓት ጀምራችሁ 7 ሰዓት ላይ ጨርሱ። ሙሽሮቹ ፎቶ ላይ ቆይተው እንግዳው 8 ሰዓት ድረስ በባዶ ሆዱ ድንኳን ውስጥ መጠበቁ በምንም መንገድ መቅረት አለበት። እንግዳውን የሚጎዳው የሙቀቱን ያህል ጥበቃው ነው።

ተክሊል የምታደርጉ ሙሽሮች ለብቻችሁ ልንገራችሁ። ቁርባን ስለምትቀበሉ 18 ሰዓት ውሃ እንኳ ሳትቀምሱ ትቆያላችሁ። ያን ካባ ለብሳችሁ፣ ሕዝብ በሞላበት ቆማችሁ። ስለዚህ ጾሙ ከመጀመሩ በፊት ባለው ቀን ውሃ ደጋግማችሁ ጠጡ፣ ሌሊቱን ተኙ፣ ጠዋት ላይ ፀሐይ ውስጥ አትቁሙ። አንደኛው ሚዜ ደግሞ ውሃ፣ ሙዝና አጥሚት በፔርሙስ ይዞ መኪናው ውስጥ ይጠብቃችሁ። ቆርባችሁ፣ ጠበሉን ጠጥታችሁ እንደወጣችሁ በቀስታ ቅመሱ። ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ፎቶ የሚነዳችሁን ሰው እምቢ በሉት።

ቦታውን በሰርጉ ሰዓት ሄዳችሁ ሞክሩት

አዳራሽ ለማየት ሰው የሚሄደው ጠዋት ወይ ሲመሽ ነው። ያኔ ሁሉም አዳራሽ ቀዝቃዛ ነው። እናንተ 8 ሰዓት ላይ ሂዱ። ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነና ኮርኒስ ከሌለው ገና 10 ደቂቃ ሳይሞላችሁ ትወስናላችሁ። ቬንትሌተሮቹን አስነሷቸው፣ ሁሉም ይሠራሉ ወይ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ቬንትሌተሩንና ማቀዝቀዣውን ጭምር ይችላል ወይስ አምፖልና ሙዚቃ ብቻ? ይህን ጥያቄ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ጄኔሬተሩ ከድንኳኑም ከማጀቱም ራቅ ብሎ፣ ጭሱ ሰው ወዳለበት በማይመጣበት በኩል ይቁም። ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ አለው።

ግቢ ውስጥ ወይ ሰፈር ውስጥ ድንኳን የምትተክሉ ከሆነ ነጭ ሸራ ምረጡ። ከሸራው ስር ትንሽ ክፍተት ትታችሁ ሁለተኛ ነጭ ጨርቅ ወጥሩ፤ በመሃል ያለው አየር ሙቀቱን ይይዝላችኋል። የድንኳኑን ጎን አትዝጉት። ለውበት ብለው ዙሪያውን በመጋረጃ የሚሸፍኑ ዲኮር ሠሪዎች አሉ፣ ያምራል፣ ግን ውስጡን ምድጃ ያደርገዋል። ቢያንስ ሁለቱ ትይዩ ጎኖች ክፍት ይሁኑና ነፋስ ይመላለስ። ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ደግሞ አንድ ቀን ቀድማችሁ እዚያው ቆማችሁ እዩት።

ነፋስ ስል፣ አዳማ ነፋስ አታጣም። በከተማው ዙሪያ ኮረብታው ላይ የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የቆሙት በከንቱ አይደለም፤ አዳማ 1 እና አዳማ 2 በድምሩ ከ200 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም አላቸው። ያው ነፋስ የእናንተንም ድንኳን ይነቀንቃል። ካስማው በደንብ ይመታ፣ ገመዱን የሚቆጣጠር አንድ ሰው ይመደብ፣ ግንቦት ላይ ድንገት ዝናብ ይዞ ከመጣም ውሃው የሚሄድበት ቦይ ዙሪያውን ይቆፈር። ለአቧራው መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ንጋት ላይ መሬቱን ውሃ ማርከፍከፍ፣ ከዚያ ቄጤማ መጎዝጎዝ። ቄጤማው ላይ በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ውሃ ስትረጩበት ከስር ያበርዳል። እናቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው፣ ከማንኛውም ምንጣፍ ይበልጣል።

ማጀቱ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር። ሁሉም ሰው የሚያስበው ስለ ሙሽሪትና ስለ እንግዳ ነው። ሙቀቱ ግን መጀመሪያ የሚጥለው ወጥ የሚሠሩትን ነው። እሳት ፊት ናቸው፣ ጭስ ውስጥ ናቸው፣ ከዋዜማው ጀምሮ አልተኙም፣ ለሌላው ሲያጎርሱ እነሱ አይበሉም። ብዙውን ጊዜ ማጀቱ ከቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ የተከለለ ጠባብ ቦታ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ማጀቱን ከላይ በሸራ አጥሉት፣ ጎኑን ግን ክፍት ተዉት። ሴቶቹን በሁለት ቡድን ክፈሏቸው፤ አንዱ እሳት ላይ ሲሆን ሌላው ጥላ ስር ሽንኩርት ይክተፍ፣ ሰሃን ይጠብ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይቀያየሩ። እሳቱ አጠገብ ሳይሆን ጥላው ስር አግዳሚ ወንበር አስቀምጡ። የራሳቸው የሆነ የውሃ ባልዲና ኩባያ ይኑራቸው፣ ከእንግዳው ውሃ ለመቀዳት እንዳይፈሩ። ቁርስ በ2 ሰዓት፣ ምሳ ከእንግዳው በፊት። ሽንኩርት የማቁላላቱን ሥራ፣ ረጅሙና አድካሚው እሱ ስለሆነ፣ ከፀሐይ መውጣት በፊት ጨርሱት። ወንዶቹም እዚህ ጋ ይግቡ፤ ድስት ማውረድ፣ እንጨት መፍለጥ፣ ውሃ መቅዳት የእነሱ ይሁን።

እኛ ቤት ይህ ቢደረግ ኖሮ አክስቴ አትወድቅም ነበር።

ምግቡ እንዳይበላሽ

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ጾም ስለሌለ ድግሱ በሙሉ ሥጋ ነው። ሥጋና ሙቀት አይስማሙም። ልትይዙት የሚገባ ደንብ ይህ ነው፦ ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ በላይ ይቆይ፣ ቀዝቃዛው ከ5 ዲግሪ በታች። በመሃሉ የተቀመጠ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፣ አየሩ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ አይቆይ።

ይህ በእኛ ማጀት ሲተረጎም እንዲህ ነው። ዶሮ ወጥና ቀይ ወጥ ከዋዜማው ተሠርቶ በትልቁ ድስት ክዳኑ እንደተከደነ ማደር የለበትም። ትልቅ ድስት ሌሊቱን ሙሉ ለብ እንዳለ ነው የሚያድረው፣ ያ ለባክቴሪያ የተመቸ ነው። ወይ ሌሊት ተሠርቶ እስኪቀርብ ድረስ በዝግተኛ እሳት እየተንተከተከ ይቆይ፣ ወይ ሰፋፊ ትሪ ላይ ተገልብጦ ቶሎ ይቀዝቅዝና ፍሪጅ ይግባ፣ ጠዋት ላይ እስኪንፈቀፈቅ ይሙቅ። ከዋዜማው የተቀቀለ ሩዝም እንደዚሁ ነው፣ ሰው ይንቀዋል እንጂ ሆድ ያስይዛል።

ቁርጥ ካለ በሬው ቄራ ታርዶ ምርመራ ይለፍ። በንጋት ይምጣ፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ወይ በመረብ ተሸፍኖ ነፋሻ ጥላ ውስጥ ይሰቀል፣ የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ይበላ። ወደ ከሰዓት የተረፈውን ለጥብስ አውሉት፣ ጥሬ አታቅርቡት። ክትፎ ላይ ጨክኑ፦ የተከተፈ ሥጋ ቶሎ ይበላሻል፣ ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ ይከተፍ፣ ብትችሉ ለብለብ ይሁን። አይቡ በረዶ ላይ ይቀመጥ። ማዮኔዝ ያለበት ሰላጣ ደግሞ ከነአካቴው ይቅር፣ በምትኩ አዳማ ላይ የማይጠፋውን ሐብሐብና ፓፓያ አቅርቡ። ፍሬው ሊበላ ሲል ይቆረጥ።

እንጀራው በረድ ሳይል በፕላስቲክ ከታሸገ ያልበዋል፣ ይሻግታል። የምታስጋግሩት ከሰው ከሆነ የሰርጉ ዕለት ጠዋት በሁለት ዙር እንዲመጣ ተስማሙ። ኬኩ እስኪቆረጥ ድረስ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ፤ ክሬሙ በድንኳን ሙቀት ሩብ ሰዓትም አይቆምላችሁም።

ውሃ፣ በረዶና ሽንት ቤት

ሦስቱን አንድ ላይ ያደረግኳቸው በምክንያት ነው። ለአንድ እንግዳ ቢያንስ 3 ባለ ግማሽ ሊትር ውሃ አስቡ። 300 ሰው ከጠራችሁ 900 ጠርሙስ ነው። ከቢራውና ከለስላሳው ውጭ። ብዙ ይመስላል፣ ግን ያልተከፈተ ውሃ አይበላሽም፣ ለመልሱም ይሆናል። ውሃው በር ላይ ይጀምር፦ እንግዳው ገና ሲገባ፣ ከመቀመጡ በፊት፣ ቀዝቃዛ ውሃ እጁ ላይ ይግባ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ለምዶ ነው ወደ እኛ 1,600 ሜትር ገደማ የሚወርደው፣ ሙቀቱ ከአዳማ ሰው በላይ ይከብደዋል።

በረዶው ጠርሙስ ለማቀዝቀዝ ብቻ ይሁን። በምን ውሃ እንደተሠራ የማታውቁትን በረዶ ብርጭቆ ውስጥ አትጨምሩ። ጠጁና ጠላው ይቅረብ፣ የሰርግ ወጉ ነው፣ ግን ከእያንዳንዱ ብርሌ ጋር ውሃ ይዞ የሚዞር ልጅ መድቡ። መጠጥ ውሃን ከሰውነት ያስወጣል።

አሁን ሽንት ቤቱ። በሀበሻ ቀሚስ ተሽሞንሙነው የመጡ ሴቶች ሽንት ቤቱ ንጹሕ ካልሆነ ወይም ሰልፍ ካለው ውሃ መጠጣት ያቆማሉ። አይናገሩም፣ ዝም ብለው ያቆማሉ። ከዚያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማዞር። ስለዚህ ለሴቶች ለብቻ፣ በቂ ቁጥር፣ ውሃና ሳሙና ያለው፣ የሚያጸዳው ሰው የተመደበለት ይሁን። ቧንቧ ሊቋረጥ ስለሚችል ከሁለት ቀን በፊት ሮቶውን ሙሉት።

ትልልቆቹ እናቶችና አባቶች ሲጠየቁ "ግድ የለም ልጄ፣ አልጠማኝም" ይላሉ። አትመኗቸው። ዕድሜ ሲገፋ ጥም በትክክል አይሰማም። "እማማ፣ በሞቴ፣ ለኔ ሲሉ ይቺን ብቻ" ብሎ እንደ ጉርሻ የሚለምናቸው አንድ የሚወዱት ልጅ በየጠረጴዛው ይኑር። ቦታቸው ነፋስ በሚያልፍበት፣ ከስፒከር ራቅ ባለ፣ መውጫው አጠገብ ይሁን። የሚያሸና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ካሉ ከሰርጉ በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፣ በራሳቸው ግን አያቋርጡት። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊኑን መኪና ውስጥ አይተው። እርጉዞችንም አትርሷቸው።

ልብስ

አጭር ነው። ከጥጥ የተሠራ ፈትል ወይ መነን አየር ያስገባል፤ የሚያብለጨልጨው ሰው ሠራሽ ጨርቅ አያስገባም። የሚዜዎቹንና የአጃቢዎቹን ልብስ ስትመርጡ ከቀለሙ በፊት ጨርቁን ዳብሱት። ቬሎው ከስሩ ስንት ድርብ እንዳለው ቁጠሩና መቀነስ የሚችለውን አስቀንሱ። ሙሽራው የሱፉ ገበር ስስ ይሁን፣ ሁለት ትርፍ ሸሚዝ ይያዝ። ካባው ለሥነ ሥርዓቱና ለፎቶው ይለበስ፣ በመሃል ግን ይውለቅ። ጫማ ስትገዙ ደግሞ ማታ ላይ ሞክሩት፣ እግር በሙቀት ያብጣል።

መኪናና ፎቶ

ፎቶውን ለሁለት ክፈሉት፣ ጥቂቱ ከ3 ሰዓት በፊት፣ የቀረው ከ10 ሰዓት በኋላ። ብርሃኑም ያኔ ነው የሚያምረው፣ ማንኛውም ፎቶ አንሺ ይነግራችኋል። ሶደሬ መሄድ ከፈለጋችሁ ለመልሱ ማግስት አቆዩት። ስትሄዱም አዋሽ ዳር አትጠጉ፣ ወንዙ አዞ አለው።

የሙሽሮቹ መኪና ኤሲው እንደሚሠራ በቃል አትመኑ፣ ቀትር ላይ ነድታችሁ ሞክሩት። ከአዲስ አበባ እንግዳ የሚያመጣው ኮስተር ጎማው ይታይ፤ ንፋሱ የጎደለ ጎማ ጭነት ችሎ በጋለ አስፋልት፣ በፈጣን መንገድ ሲሮጥ ይግላል፣ ይፈነዳል። መስኮት ላይ ተቀምጦ መጨፈር፣ ካሜራ ይዞ ከመኪና መንጠልጠል ይቅር። ልጅ ደግሞ በቆመ መኪና ውስጥ ለ5 ደቂቃም አይተው፣ ተኝቷል ተብሎም ቢሆን። በሰርግ ግርግር "እናቱ ጋ ነው" "አይ አባቱ ጋ ነው" እየተባባሉ ልጅ ይረሳል። ለትንንሾቹ ስም ጠርቶ የሚቆጥር አንድ ሰው መድቡ።

ማታ ላይ ደግሞ ትንኝ አለ። አዳማ ወባ ያለበት አካባቢ ነው፣ አድሮ የሚሄደው እንግዳ አጎበር ያለው አልጋ ያግኝ።

ሰው ቢያዞረው

ከዘመድ ወይ ከጎረቤት ነርስ ወይ የጤና ባለሙያ ፈልጉና ቀድማችሁ ለምኑ። በሰርጉ ቀን ብዙ እንዳይጠጣ ንገሩት። ጥላ ስር አንድ ፍራሽ፣ ፎጣዎች፣ ባልዲ ውሃ፣ በረዶ፣ ጥቂት ፓኬት ኦ አር ኤስ ይዘጋጅ። የሚነሳበት ዝግጁ መኪና ከነሾፌሩ ይኑር፣ ሌሎች መኪኖች መውጫውን እንዳይዘጉበት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ የቅርቡን ሆስፒታል ስልክም በሁለት ሦስት ሰው ስልክ ላይ መዝግቡ።

ሰውየው ካላበው፣ ካዞረው፣ ራሱን ካመመው፣ ካቅለሸለሸው፣ ጡንቻው ከተኮማተረ፦ ጥላ ውስጥ አስተኙት፣ እግሩን ከፍ፣ ልብሱን ላላ አድርጉ፣ በእርጥብ ፎጣ አብርዱት፣ ኦ አር ኤስ በቀስታ ይጠጣ። ኦ አር ኤስ ከሌለ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። በግማሽ ሰዓት ካልተሻለው ሐኪም ቤት።

ከቃዠ፣ ንግግሩ ከተዘባረቀ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ራሱን ከሳተ ግን ግማሽ ሰዓት አትጠብቁ። ያ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ወዲያው አምቡላንስ ጥሩ ወይም በተዘጋጀው መኪና ውሰዱት፣ እስኪሄድ ድረስ ደግሞ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አድርጉ። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፉ አትስጡ። ክብሪትና ሽንኩርት በማሽተት ጊዜ አታባክኑ። ዙሪያውን የከበበውን ሰው አንድ ድምፁ የሚሰማ ሰው ያርቅ።

ሲያልቅ

የተረፈውን ምግብ በዚያው ምሽት ወስኑ። ሲንተከተክ ከቆየው ድስት ያለውን ለጎረቤትና ለተቸገረ ሰው ትኩስ እያለ አድሉ፣ ማለዳ ላይ እንዳይሆን። ከሰው ፊት ተነስቶ የተመለሰው፣ ከ2 ሰዓት በላይ ጠረጴዛ ላይ የዋለው ይደፋ፤ ለመልሱ አይቀመጥ፣ ቢያሳዝንም። ለመልሱ አዲስ ወጥ የሚሠሩት ደግሞ ሌላ ሴቶች ይሁኑ፣ የሰርጉን የሠሩት በዚያ ቀን እንግዳ ሆነው ይምጡ። አክስቴ በእህቴ መልስ ላይ ነፋሱ በሚያልፍበት ወንበር ተቀምጣ፣ ቡና ተፈልቶላት፣ ፊቷ ላይ እያራገብኩላት ነው የዋለችው።